ልጅ የሚጠይቅበት እራት



እኛ ልጅ ገበታ ላይ ሲያወራ ደስ አይለንም። ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ እንዳይገባ፣ የተሰጠውን ጎርሶ ዞር እንዲል ነው የምናስተምረው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለንም ተርተናል። ዛሬ የማወራላችሁ በዓል ግን ሊጥ በማይቦካበት ሳምንት ይውላል፤ የበዓሉም እራት ልጅ ካልጠየቀ አይቀርብም። አይሁድ ፔሳሕ ይሉታል፤ እኛ የአይሁድ ፋሲካ እንለዋለን።

ታሪኩን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ኦሪት ዘጸአትን በዜማም በንባብም የሰማን ሕዝቦች ነን። የባርነቱን ዘመን፣ የፈርዖንን እንቢታ፣ ዐሥሩን መቅሠፍት፣ በመቃኑና በጉበኑ ላይ የተቀባውን የበግ ደም፣ ሊጡ ሳይቦካ በትከሻ ተሸክመውት የወጡበትን ሌሊት እናውቃለን። እንዲያውም እዚህ ጎንደር ቆመን ስናወራ፣ በመጀመሪያው መቅሠፍት ደም ሆነ የተባለው ወንዝ ከእኛው ጣና የሚወጣ መሆኑን ማስታወስ አይከፋም። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምንበላውም ለዚሁ ነው፤ እስራኤል በጥድፊያ ሲወጡ አቡክተው ለመጋገር ጊዜ እንዳላገኙ ለማሰብ መሆኑን አባቶች ያስተምሩናል። ስለዚህ ታሪኩን ደግሜ አልተርክላችሁም። የማወራችሁ ያን ያህል ያረጀ ታሪክ በአንድ ተራ ቤት፣ በአንድ ተራ ጠረጴዛ ዙሪያ በየዓመቱ እንዴት እንደሚነሣ ነው።

በዓሉ የሚገባው ኒሳን በሚባለው ወር በ15ኛው ሌሊት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይውላል። በእስራኤል አገር ሰባት ቀን፣ ከእስራኤል ውጭ ያሉ ወግ አጥባቂዎች ዘንድ ስምንት ቀን ይከበራል። የቀኑን ስሌት ለባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ልተወው፤ የ19 ዓመቱን ዑደት ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከሳምንታት በፊት ነው። ቤቱ ይገለበጣል። ምንጣፍ ይራገፋል፣ የሶፋው ትራስ ሥር ይፈተሻል፣ የልጆች ኪስና የመኪናው ወንበር ሳይቀር ይጠረጋል። የሚታደነው ሐሜጽ ነው፤ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአጃና ከሁለት ዘመዶቻቸው ተሠርቶ የቦካ ማንኛውም ነገር። ዳቦው፣ ኬኩ፣ ፓስታው፣ ቢራው፣ ውስኪው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ኦሪት የሚከለክለው መብላቱን ብቻ ስላልሆነ በቤት ውስጥ መገኘቱም ኃጢአት ነው።

ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ባለው ምሽት የቤቱ መብራት ይጠፋና ሻማ ይበራል። አባት ላባና የእንጨት ማንኪያ ይዞ፣ ልጆቹ ሻማውን እየተሻሙ ከኋላው ተከትለውት፣ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ፣ ከጥግ ወደ ጥግ ይሄዳሉ። ቤቱ ቀድሞ ተጠርጓል፤ ታዲያ ፍለጋው ባዶ እጅ እንዳይቀር በብዙ ቤቶች እናት ዐሥር ቁራሽ ዳቦ ጠቅልላ አስቀድማ ትደብቃለች። ልጅ አንዱን ባገኘ ቁጥር ይጮኻል። አባት ቁራሹን በላባው እየጠረገ ማንኪያው ላይ ይጭነዋል። በማግስቱ ጠዋት ይቃጠላል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ገና እራቱ ሳይደርስ ልጁ የበዓሉ ሠራተኛ ሆኗል።

ለመጣል የሚያሳሳው ነገርስ? የውድ ውስኪ ጠርሙስ ያለው ሰው፣ ዱቄት በመጋዘን የሞላ ነጋዴ ምን ያድርግ? ሕጉ መውጫ አበጅቷል። በውል፣ በፊርማና በቅድሚያ ክፍያ አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ይሸጠዋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ገዢው ቀሪውን ካልከፈለ ንብረቱ ይመለሳል። የእስራኤል መንግሥት ራሱ የሠራዊቱንና የመንግሥት ድርጅቶችን ሐሜጽ በዚህ መንገድ ይሸጣል። ለረጅም ዓመታት ገዢው ጃበር ሁሴን የሚባሉ የአቡ ጎሽ መንደር ነዋሪና የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ሙስሊም ዓረብ ነበሩ። ለጥቂት ቀናት በወረቀት ደረጃ እጅግ ሀብታም ሰው ይሆኑ ነበር ማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ማጭበርበር ነው ይላሉ። እኔ ግን ሕግን እንደ ሕግ አክብረው ኑሮንም ሳይጎዱ ያለፉበት ብልሃት ሆኖ ይታየኛል።

በዳቦው ቦታ የሚገባው ቂጣ ነው፤ በዕብራይስጥ ማጻ ይባላል። ዱቄቱ ውሃ ከነካው ጊዜ ጀምሮ ተቦክቶ፣ ተዳምጦ፣ በእሾህ መሳይ ነገር ተበሳስቶ ከምድጃ እስኪወጣ 18 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ካለፈ መቡካት ጀምሯል ተብሎ ይጣላል። በእጅ የሚጋግሩበትን ቦታ ያየ ሰው ጥድፊያውን አይረሳውም። አንዱ ያቦካል፣ ሌላው ይዳምጣል፣ ሌላው በረጅም እንጨት ወደ ምድጃው ይሰዳል፤ በየዙሩ ጠረጴዛው ተጠርጎ መዳመጫው ይቀየራል። የግብፁ ጥድፊያ በንግግር ከሚወሳ ይልቅ እዚያ በእጅ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በኦሪት የፋሲካው ልብ በጉ ነው። ቤተ መቅደስ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል፣ በጉ በመቅደሱ ይታረዳል፣ ተጠብሶ በቡድን በቡድን ይበላል። በ70 እ.ኤ.አ. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አፈረሱት። መሠዊያ ከሌለ መሥዋዕት የለም። መሥዋዕት ከሌለ ደግሞ ፋሲካ ምን ሊሆን ነው? ብዙ ሃይማኖት በእንዲህ ያለ ቀን ይሞታል።

የአይሁድ ሊቃውንት የመለሱት መልስ በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጠናቀረው የሕግ ስብስብ፣ በሚሽና፣ ፔሳሒም በተባለው ክፍል በ10ኛው ምዕራፍ ይገኛል። በዓሉን ከመቅደሱ ወደ ቤት አስገቡት። በጉን ታሪኩ ተካው፤ ታሪኩን የማስተላለፉን ሥራም ከካህኑ ላይ አንሥተው ለወላጅ ሰጡት። የበጉ መታሰቢያ ዛሬ በሳህን ላይ የሚቀመጥ አንድ የተጠበሰ አጥንት ነው፤ አይበላም፤ ይታያል ብቻ። እስከ ዛሬ በጉን የሚያርዱት በገሪዛን ተራራ ላይ ያሉት ጥቂቶቹ ሳምራውያን ናቸው። ሌሎችም ነበሩ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

የእራቱ ሥርዓት ሴዴር ይባላል፤ የሚነበበው መጽሐፍ ሀጋዳ። በጠረጴዛው መካከል ያለው ሳህን ከአጥንቱ ሌላ የተጠበሰ እንቁላል፣ መራራ ቅጠል፣ አረንጓዴ አትክልትና ሐሮሴት የሚባል ከፍራፍሬ፣ ከለውዝና ከወይን የተፈጨ ቡናማ ማጣፈጫ ይዟል። ሐሮሴቱ አባቶች ለፈርዖን ጡብ የሠሩበትን ጭቃ ያስታውሳል፤ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ነው። አትክልቱ በጨው ውሃ ይነከራል፤ ጨዉ እንባ ነው። እያንዳንዱ ሰው አራት ጽዋ ወይን ይጠጣል። በግራ ጎን ደገፍ ብሎ መቀመጥም ግዴታ ነው፤ በሮማውያን ዘመን ደገፍ ብሎ የሚበላው ጨዋ ሰው ነበርና።

ደገፍ ተብሎ፣ ወይን ተባርኮ፣ አትክልቱ ተነክሮ... እራቱ አይመጣም። ልጁ ርቦታል፤ ግራ ገብቶታል። ለምን ቅጠል በጨው ውሃ እናጠቅሳለን? ለምን ከሦስቱ ቂጣ መካከለኛው ተሰብሮ ግማሹ ተደበቀ? ይህ ሁሉ የተደረገው እንዲጠይቅ ነው። ያን ጊዜ ከቤቱ ትንሹ ልጅ ይነሣና ይህች ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን ተለየች ብሎ አራቱን ጥያቄ በዜማ ያቀርባል። አያት እንባ ያቀርራሉ፣ አጎት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ልጁ መሀል ላይ ይረሳና ሁሉም ይዘምርለታል።

ሊቃውንቱ ይህን በአጋጣሚ አልተዉትም። ሚሽናን በሚያብራራው በታልሙድ እንደተጻፈው ረቢ ዓቂባ በፋሲካ ዋዜማ ለልጆች ቆሎና ለውዝ ያድሉ ነበር፤ እንዳያንቀላፉና እንዲጠይቁ። የተደበቀው ግማሽ ቂጣ፣ አፊኮማን የሚባለው፣ ልጆች የሚሰርቁትና አባት ገንዘብ ወይም ስጦታ ከፍሎ የሚያስመልሰው ነው። እሱ ካልተገኘ እራቱ አይጠናቀቅም፤ ስለዚህ ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ዓይኑን አይከድንም። በቤቱ ልጅ ከሌለ ሚስት ትጠይቃለች። ብቻውን ያለ ሰው ራሱን ይጠይቃል። ሕጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሊቃውንት እንኳ ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን ሊጠይቅ ይገባል። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰው መጠየቁ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ራሱ የበዓሉ ግዴታ ሆኗል ማለት ነው።

መልሱስ? ሚሽናው ነገሩ በውርደት ተጀምሮ በምስጋና እንዲያልቅ ያዝዛል። አባት ለልጁ የሚነግረው የመጀመሪያ ቃል ባሮች ነበርን የሚል ነው። እስቲ አስቡት፤ እኛ ዘር ስንቆጥር ሰባት ትውልድ ሳንሞላ ንጉሥ ወይም ደጃዝማች ላይ እንደርሳለን። ቀጥቃጭ አያት፣ ገባር አያት ያለው ሰው የጠፋ ይመስላል። እነዚህ ሰዎች ግን በዓመቱ ታላቅ ሌሊት ልጃቸውን አስቀምጠው አያትህ ባሪያ ነበረ ይሉታል። ሌላም አለ፤ ሙሴ በሀጋዳው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ከኦሪት በተጠቀሰ አንድ ጥቅስ ውስጥ ብቻ ስሙ ያልፋል። ያን ሁሉ መንገድ የመራው ሰው ከራሱ ታሪክ መውጣቱ የታሰበበት ይመስለኛል። ምስጋናው ለሰው እንዳይሆን ነዋ።

ሀጋዳው አራት ዓይነት ልጆችን ያነሣል፤ ጠቢቡን፣ ክፉውን፣ የዋሁንና መጠየቅ የማያውቀውን። ለእያንዳንዱ መልሱ ይለያያል። ክፉው ይሄ ሁሉ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል እያለ ራሱን ከወገኑ ያወጣል፤ አባትም ጥርስ የሚያስነክስ መልስ ይሰጠዋል። ነገር ግን ከጠረጴዛው አላባረሩትም። በየዓመቱ ቦታው ተይዞለት ይጠበቃል። ለማይጠይቀው ደግሞ አንተ ጀምርለት ይላል ሥርዓቱ።

ዐሥሩ መቅሠፍት ሲቆጠሩ እያንዳንዱ ሰው ጣቱን ወይን ውስጥ እየነከረ በስማቸው ልክ ዐሥር ጠብታ ሳህን ላይ ያንጠባጥባል። የተለመደው ማብራሪያ የሚያጠግብ ነው። ጽዋ የደስታ ምልክት ነው፤ ነፃነታችን የመጣው ግብፃውያን ሞተው ስለሆነ ደስታችን ሙሉ ሊሆን አይገባም። ታልሙድም መላእክት ግብፃውያን ሲሰጥሙ ሊዘምሩ ቢነሡ እግዚአብሔር የእጄ ሥራዎች በባሕር እየሰጠሙ እናንተ ትዘምራላችሁን ብሎ እንደከለከላቸው ይተርካል። በጠላት ሞት ጽዋን ማጉደል ቀላል ትምህርት አይደለም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ወጉ በየአገሩ ይለያያል። የአውሮፓ አይሁድ በዚያ ሳምንት ሩዝና ባቄላም አይበሉም፤ የምሥራቆቹ ይበላሉ፤ በዚህ ሲጨቃጨቁ ዘመናት አልፈዋል። የኢራንና የአፍጋኒስታን አይሁድ በሽንኩርት ቅጠል እየተገራረፉ ይሳሳቃሉ፤ የግብፅ ጅራፍ ነው። የኢራቆቹ ልጅ በጨርቅ የተቋጠረ ቂጣ ትከሻው ላይ አድርጎ ይገባና ከየት መጣህ ሲሉት ከግብፅ፣ ወዴት ነህ ሲሉት ወደ ኢየሩሳሌም ይላል። የሞሮኮዎቹ በዓሉ በወጣ ማታ ሚሙና ብለው በራቸውን ለጎረቤት ሁሉ ከፍተው ጣፋጭ ይደረድራሉ።

በር መክፈት በሴዴሩም ውስጥ አለ። አንድ ጽዋ ለነቢዩ ኤልያስ ይቀዳና ይገባ ዘንድ በሩ ይከፈትለታል። ይህ በር የተከፈተው ግን ሁልጊዜ በሰላም አይደለም። በአውሮፓ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አይሁድ የክርስቲያን ልጅ ይገድላሉ፣ ደሙንም ለቂጣቸው ይፈልጉታል የሚል ሐሰት ተነዝቶ በፋሲካ ሰሞን ብዙ ሰው ታርዷል። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 4ኛ በ1247 እ.ኤ.አ. ሐሰት ነው ቢሉም አልቆመም። እኛም እጃችን ንጹሕ አይደለም። በዚሁ በጎንደር አገር የእኛኑ አይሁድ፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቤተ እስራኤል፣ ቡዳ ናቸው ያልን ሰዎች ነን። ወደ አውሮፓ ስንመለስ፣ የናዚ ጦር አይሁድ የታጎሩበትን የዋርሶን ጌቶ ሊያጠፋ የገባው በሚያዝያ 19 ቀን 1943 እ.ኤ.አ.፣ በፋሲካ ዋዜማ ነበር። በዚያ ምሽት ውጭ እየተተኮሰ በመደበቂያ ጉድጓድ ውስጥ ሴዴር የተቀመጡ እንደነበሩ የተረፉት መስክረዋል።

አሁን ወደ ቅድም ቃሌ ልመለስ። በጉን ያርዱ የነበሩት ሌሎቹ የቤተ እስራኤል ሰዎች ናቸው። ሚሽናና ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ ሀጋዳም አራት ጽዋም አያውቁም ነበር። የነበራቸው በግእዝ የተጻፈው ኦሪት ነው። ስለዚህ ፋሲካቸው ከቤተ መቅደሱ መፍረስ በፊት የነበረውን ይመስል ነበር። በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች ቄሱ በጉን በጸሎት ቤቱ ግቢ ያርዳሉ፣ ከኦሪት የመውጣቱን ታሪክ ያነባሉ፣ ለሕዝቡም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዳሉ። ሰባቱን ቀን እንጀራና ጠላ የለም፤ የሚበላው ቂጣ ነው። እርጎም እንደቦካ ተቆጥሮ ይተዋል። የዓመቱ የሸክላ ድስትና ማሰሮ ይሰበራል፤ አዲስ ይሠራል። የሚሰብሩት ሴቶች ደግሞ ራሳቸው የሸክላ ባለሙያዎች ነበሩ። አስቀድመው አፈር ያመጣሉ፣ አቡክተው ይሠራሉ፣ ይተኩሳሉ፤ ከዚያ አሮጌውን ከድንጋይ ላይ ያጋጩታል። የአውሮፓው ቤተሰብ በላባና በሻማ ያደረገውን እነሱ በድንጋይ ያደርጉት ነበር ማለት ነው።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. እነዚህ ሰዎች ያነበቡትን ታሪክ በእግራቸው ሄዱት። ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ያህል፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች እስራኤል ገቡ። የመጀመሪያው ዘመቻ ስም ከየት እንደመጣ መናገር አያስፈልገኝም።

እዚያ ሲደርሱ የጠበቃቸው ፋሲካ ሌላ ፋሲካ ነበር። በጉ የለም፤ መጽሐፍ አለ፣ ሳህን አለ፣ የማያውቁት ዜማ አለ። አይሁድነታቸውም ተጠርጥሮ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋናው ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቃውሞ ተቀምጠዋል። ኦሪትን ለዘመናት ጠብቀው ለኖሩ ቄሶች ይህ ምን ያህል መራራ ቅጠል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ሆነ። በሴዴሩ ላይ ልጁ በዕብራይስጥ አራቱን ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መልሱን በአማርኛ የሚነግሩት አያቱ ሆኑ፤ ስለ ሱዳን በረሃ፣ በመንገድ ስለቀረው ወንድማቸው፣ በአምቦበር ስለታረደው በግ። ሀጋዳው እያንዳንዱ ሰው ራሱ ከግብፅ እንደወጣ አድርጎ እንዲያይ ያዝዛል። ለብዙ አይሁድ ይህ በምናብ የሚደረግ ነው። እኒህ አያት ግን ምናብ አያሻቸውም፤ እግራቸው ያውቀዋል።

በዚሁ ከተማችንም ዘመዶቻቸውን ተከትለው ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት የሚጠባበቁ የማኅበረሰቡ አባላት በየዓመቱ ማጻ በእጃቸው ጋግረው፣ በብዛት ተሰብስበው ሴዴር ይቀመጣሉ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ወለቃ ከዚህ ቅርብ ናት። በወለቃ፣ በአምቦበር፣ በደምቢያና በሰሜን አውራጃ ከቤተ እስራኤል ጋር አጥር ተጋርተው የኖሩ አዛውንቶች ዛሬም በየቤታችሁ አሉ። የጎረቤቶቻቸውን ፋሲካ በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ የሸክላው ስባሪ የት እንደሚጣል፣ በጉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚታረድ፣ ቄሱ ማን እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ስለ ቡዳው ወሬም ያውቃሉ፤ እሱንም አትለፉት። እናንተ ተማሪዎች፣ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ የነገሯችሁን በስልካችሁ ቅረጹ፣ ጻፉት። እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጁ ሲጠይቅ ዝም በል አትበሉት።